ወደ መረብ ማዶ የተመለሰው ተማሪ

አባቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። አቋቋም ለማያውቀው፣ ካህናት በበዓል ቀን መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ዜማውን ከእግርና ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር አስማምተው የሚያመሰግኑበት ትምህርት ነው። ለዓመቱ በዓል ሁሉ የየራሱ ሥርዓት ስላለው ተምሮ መጨረስ ዓመታት ይፈጃል። ቤታችን ጎንደር ከተማ ውስጥ ከአንድ ደብር ቅጥር ሥር ነው፤ ከጓሯችን ባለው ተዳፋት ላይ የአባቴ ተማሪዎች ጎጆዎች ተደጋግፈው ቆመው ነበር። ያደግሁት እነሱ ሲያዜሙ እየሰማሁ ነው።

የበኩር ልጃቸው ብሆንም ለትምህርቱ አልሆንኩም። ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ልቤ ወደ መኪና ሸሸ። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጌ፣ ሊማሊሞን ወርጄ እስከ አዲ አርቃይ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ተከዜን ተሻግሬ እስከ ሽሬ ሚኒባስ ስነዳ ኖሬያለሁ። ስንቱን ሰው እንደጫንኩ እግዚአብሔር ይወቀው። ብዙዎቹን መልካቸውን እንኳ አላስታውስም። አንዱን ግን እስክሞት አልረሳውም።

እኛ ቤት ሲመጣ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። የመጣው ከመረብ ማዶ፣ ከሰራዬ ነው። የቆሎ ተማሪ በአገሩ ይጠራል፤ ጎጃሜው፣ ላስቴው እንደሚባለው እሱንም ሰራዬው አሉት። እኛ ልጆቹ አያ ሰራዬ እንለው ነበር። ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ያን ጊዜ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ባንዲራው ሁለት ሆኗል፤ የቤተ ክህነቱም አስተዳደር እየተለየ ነው። አውቶቡሱ ግን ይመላለሳል፣ ነጋዴውም ይመላለሳል፣ ተማሪውም እንደ ድሮው ስልቻውን አንግቶ ይመጣል። አባቴ «ከሐማሴን ወይ ከሰራዬ ተማሪ ያልመጣበት ዓመት አላውቅም» ይሉ ነበር።

ቁመተ ረጅም፣ አንገተ ቀጭን ነበር፤ ድምፁ ግን ከዚያ አንገት ይወጣል ተብሎ አይገመትም። እንቅልፍ ሲወስደው ስለሚያንኮራፋ ጓደኞቹ ከዳር ለብቻው ጎጆ ቀለሱለት። እሱም «ሳልመነኩስ አመነኮሳችሁኝ» እያለ ይስቅ ነበር። እናቴ ከሁሉም አብልጣ ትወደው ነበር፤ ውኃ ሳትለው ይቀዳላታል፣ እንጨት ሳትለው ይፈልጥላታል። አማርኛው እንደ መጽሐፍ የተስተካከለ ሆኖ ሲቸኩል ግን ትግርኛ ይቀላቅልበታል፤ እኛም ያንኑ እየደገምን እንከተለው ነበር።

በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሳ ክረምት ሊገባ ነበር። በመጀመሪያ ከማዶ የመጣ ሰው ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። ቆይቶ ደግሞ ይውጣ ተባለ። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ሰራዬውን ሲጠሩት አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው አብረው ሄዱ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ሰዎቹ በተሰበሰቡበት ግቢ አባቴ ኃላፊውን አስፈቅደው ቀረቡት።

«ልጄ፣ ይኼ ልጅ ክረምቱን አልጨረሰም» አሉት።

ሰውየው ግራ ገባው። «የምን ክረምት፣ የኔታ?»

«የአቋቋሙን ነዋ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለውን አጠናቋል። የቀረው የክረምቱ ነው። እስከ መስከረም ብትታገሱት ምን አለበት?»

«የኔታ፣ ይኼ የመንግሥት ጉዳይ ነው። እኔም የታዘዝኩት ነው» አለ ሰውየው። በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ ዓይኑን ግን ከአባቴ ላይ አሸሸ።

እናቴ ድርቆሽና በሶ ቋጥራ ደረሰች። ሰራዬው የአባቴን ጉልበት ሳመ። አባቴ ራሱን ይዘው ረጅም ጸሎት አደረሱለት። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ገባ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ያን ቀን ዓይኔ የነበረው አውቶቡሱ ላይ ነው፤ አዲስ ነበር። ትልቅ ሰው የጠፋብን መሆኑ የገባኝ ማታ እናቴ ባዶውን ጎጆ ስትጠርግ ሳያት ነው።

ከዚያ ወዲያ ከማዶ ተማሪ አልመጣም። ስልኩ ተቆረጠ፣ ፖስታው ቆመ፣ መንገዱ ላይ ምሽግ ተቆፈረ። እኔ አደግሁ፤ ረዳት ሆንኩ፤ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ሚስት አገባሁ። የክረምት በዓል በደረሰ ቁጥር አባቴ ከማኅሌት ሲመለሱ «ያ ልጅ ይኼን ሳያይ ቀረ» ይሉ ነበር። የሚያዝኑት ለሰው ብቻ ሳይሆን፣ ጎዶሎ ለቀረው ትምህርትም ይመስለኛል። ግማሽ ተሠርቶ የቆመ ቤት እንደሚያሳዝን ሁሉ።

ዘመን አልፎ ዕርቅ ወረደ ተባለና ድንበሩ ተከፈተ። ያን ሰሞን ሽሬ መናኸሪያ ያየሁት ሕዝብ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ወጣቶች የትምህርት ቤት ቦርሳ አንግተው፣ ሽማግሌዎች ለዘመድ ስጦታ ጠቅልለው እንደ ጎርፍ ይመጣሉ። የሚተቃቀፍ አለ፣ መሬት የሚስም አለ። ወጣቶቹ ግን ቶሎ ነው የሚጠይቁት፤ «ጎንደር ስንት ሰዓት ይፈጃል? አዲስ አበባስ?» አስተያየታቸው የመመለስ አልነበረም።

አንድ ቀን ሰው ሞልቼ ልነሳ ስል ነጭ ጥምጥም ያሰረ፣ ጺሙ የሸበተ ረጅም ሰው በመስኮት በኩል ቀረበኝ።

«ወንድሜ፣ ጎንደር ነህ?»

«አዎ አባ፣ ይግቡ። ከፊት ቦታ አለ።»

«ሳልሳፈር አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ አንድ የአቋቋም መምህር ነበሩ። በሕይወት ካሉ ነው የምሄደው» አለና የደብሩን ስም ጠራ። ቀጥሎም አባቴን በስማቸው ጠራቸው።

ሞተሩን አጠፋሁ። «በምን ያውቋቸዋል?»

«ተማሪያቸው ነበርኩ። አንድ ልጅ ነበራቸው። ዳዊትህን አምጣ ሲሉት ከቆመ መኪና ሥር ዘይት ተቀብቶ የሚወጣ።»

«አያ ሰራዬ!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሚኒባሷን ከጎማ እስከ ኮፈን ቃኘና «መኪናዋን አገኘሃታ!» አለኝ። ወርጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ተሳፋሪዎቹ ሲያለቅሱ እኛ እንስቅ ነበር።

ከጎኔ አስቀመጥኩት። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን፤ ፖሊሱ የሱን መታወቂያ ገልበጥ አድርጎ አየና «እንኳን በደህና መጡ አባ» ብሎ መለሰለት። የዚያ ሰሞን ፈታሽ እንኳ ሸጋ ነበር። አዲ አርቃይ ምሳ በላን። ሊማሊሞን ስንወጣ በመስኮት ቁልቁል ያይ ነበር። ጫፍ ላይ ስንደርስ «ያኔ እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው ያለቀስኩት። እስከዚያ ድረስ የሚመልሱኝ ይመስለኝ ነበር» አለኝ።

ቤት ስንገባ አባቴ ግድግዳ ተደግፈው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እርጅና ተጭኗቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል።

«ማን መጣ?» አሉ።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ። ሰራዬው።»

አባቴ ወደ ድምፁ ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳሰሱት። «እናትህ አሉ?»

«አርፈዋል፣ የኔታ።»

«ነፍስ ይማር። ምግብ በልተሃል?» እናቴ እልልታውን ስታቀልጠው አባቴ ዞር ብለው ተቆጧት። «ቆይ አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ እርቦታል።» የሃምሳ ዓመት ሰው ለሳቸው ያው ልጅ ነበር።

በላና ነገሩን አጫወተን። ሚስት አግብቷል፣ ልጆች አሉት፤ በተወለደበት መንደር ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፣ ያስተምራልም። ያስተማራቸው ግን አይበረክቱለትም። ወጣቶቹ ለውትድርና አገልግሎት ሲጠሩ ወይም ሊጠሩ ሲሉ ድንበር እያቋረጡ ይሰደዳሉ። «አንዱን ጸናጽል አስይዤ ስጨርስ ጫማውን ሲያጠብቅ አየዋለሁ» አለን። ማኅሌቱን ከሽማግሌዎች ጋር ነው የሚቆመው። በክረምት በዓላት ደግሞ አቋቋሙን የሚያውቀው ስለሌለ ዜማውን ብቻ ብለው ይወጣሉ።

«በአገራችሁ ታላላቅ መምህራን አሉ። ምነው የቀረህን ከነሱ አልቀጸልከው፣ አልተማርከው?» አሉት አባቴ።

«አሉ፣ የኔታ። ግን የነሱ መንገድ ሌላ ነው። የእርስዎን ከነሱ ጋር ብደባልቀው ሁለቱንም አበላሻለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጎዶሎዬን ይዤ ቆየሁ።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሏቸዋል።

የመጣው ግን ለመማር አልነበረም። ቡራኬ ተቀብሎ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ሊነሳ ሲሰናዳ ከማዶ በሩ ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ። ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም፤ ሲከፈትም ምክንያቱን አልነገሩን። ስልክ ይሠራ ስለነበር ሚስቱ ደወለች። ድምፁን ከፍ ስላደረገው ሁላችንም ሰማን፤ የጎደለንን ትግርኛ እሱ ተረጎመልን።

«ተዘግቷል። አሁን ብትመጣ ምን እንደሚሉህ አይታወቅም» አለችው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ክረምቱ ቀረብኝ እያልክ ጆሮዬን አደንቁረኸዋል። እንግዲህ ቁጭ ብለህ ተማራ!» እናቴ ከት ብላ ሳቀች። ሴትየዋ ግን አልጨረሰችም። «ስትጨርስ ትመጣለህ። እንደ ሌሎቹ እንዳትቀርብኝ። ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ።

ያቺን ሴት በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ባሰብኳት ቁጥር ግን ባርኔጣ ባደርግ አነሳላት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰራዬው እንደገና ተማሪ ሆነ። እናቴ ክፍል ብታዘጋጅለት አሻፈረኝ ብሎ ጎጆ ገባ። ከልጆቹ ከሚስተካከሉ ተማሪዎች ጋር በሌሊት ተነስቶ ይቀጽላል፣ ቀን ቀን የልመና አኩፋዳውን አንግቶ ይወጣል። አንድ ቀን ሚኒባሷን ሳጥብ ከጎረቤት በር ላይ ያ ድምፁ ተሰማኝ።

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

ሽበታም ሰው ቁራሽ ሲለምን ማየት ከበደኝ። ማታ እናቴ አፋጠጠችው። «ምነው ልጄ፣ ከኔ ቤት እንጀራ አልቆ ነው?»

«እናቴ፣ የለመነ ነው ትምህርቱ የሚጸናለት። ደግሞ ልጆቹ ሲለምኑ እኔ ከቤት ብበላ እንዴት አብሬያቸው እቆማለሁ?»

 በማግስቱ እናቴ ቁራሹን አሳምራ ጠቅልላ በር ላይ ስትጠብቀው አየኋት፤ እሱም እንደማያውቃት ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አላት፤ ተቀበላት፤ መርቋት ሄደ።

በልመናው ብዙ የአገሩን ሰው አገኘ። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የኤርትራ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። አንዷ በሩን ከፍታ አነጋገሩን ስትሰማ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የእናቷ መንደር ካህን የመጣ መሰላት። ቀስ በቀስ በሰንበት እየመጡ ከበውት ይቀመጡ ጀመር። የሚነግሩት ግን አንድ ነው። «መምህር፣ ስደተኛ ሆነው ይመዝገቡ። ካህን ወደ ውጭ አገር መውጣቱ ቶሎ ይሳካለታል። ቤተሰብዎን ከዚያ ይስባሉ።» እሱም ይሰማል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ሳይመልስላቸው ይመርቃቸዋል።

በዐቢይ ጾም ከማይ ፀብሪ አጠገብ ወዳለው የስደተኞች ጣቢያ አድርሰኝ አለኝ። ያስተማራቸው ልጆች እዚያ እንዳሉ ሰምቷል። ወደ ሽሬ ሳልፍ አወረድኩት። ጥቂት ሳምንት ቆይቼ ልወስደው ስመጣ ሚኒባሷን ሰው ከበባት። ቀድሞ ተማሪዎቹ የነበሩ፣ አሁን ልጅ ያቀፉ ጎልማሶች ናቸው። በቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለቻቸው። ሰሞኑን ሲያስተምራቸው ከርሟል።

ከመካከላቸው አንዱ የሚኒባሷን በር ያዘ። «መምህር፣ እዚያ ማን አለዎት? ሁላችንም እዚህ ነን እኮ!»

«እናቶቻችሁ እዚያ ናቸው» አለው ሰራዬው።

ልጁ በሩን ለቀቀ።

«በየእሑዱ የሚመጡት እነሱ ናቸው። ስለናንተ ነው የሚጸልዩት። ማን ይቁምላቸው? በናንተ አልፈርድም፤ ወጣት ብሆን እኔም እዚህ ነበርኩ። እኔ ግን ተራዬ ሌላ ነው።»

ወደ አዲ አርቃይ ስንወጣ ደጋግሞ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ከዚያ በድንገት «እውነታቸውን ነው» አለኝ።

«ልትቀር ፈልገህ ነበር?»

«አዎ። ትናንት ማታ ወስኜ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ድምፅ አለ፣ ወጣት አለ፣ የሚማር አለ። አገር ቤት ካሉት ሽማግሌዎች ሁለቱ ጆሯቸው አይሰማም።» ሳቀ። «ጠዋት ስነሳ ግን ባለቤቴ ትዝ አለችኝ። ሰማህ? ብላኛለች። ሰማሁ ብያለሁ።»

ክረምቱ ገባ። አባቴ የሚያስተምሩት በዝናብ ድምፅ መሐል ነበር። ድምፃቸው ስለሰለለ ሰራዬው ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠግቶ ይቀበላል፤ ከዚያ እሱ በሙሉ ድምፁ ለሌሎቹ ያሰማል። እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው የእንቅስቃሴውን ልክ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ያሳዩታል። ሰራዬው ቆሞ ያንኑ ያደርጋል። ሲሳሳት መቋሚያቸውን መሬት ላይ ያንኳኳሉ፤ እንደገና ይጀምራል። ሳይከፋው፣ ሳይቸኩል። ልጆቹ ብዙ የሚለፉበትን እሱ ቶሎ ይይዘዋል፤ አንድ ጊዜ ከያዘው ደግሞ አይለቀውም። አባቴ ማታ ማታ «የተጠማ ሰው አጠጣጥ ነው» ይሉኝ ነበር። በነዚያ ወራት እርጅናቸውን የረሱ ይመስሉ ነበር።

በፍልሰታ በዓል ሁለት ዲያቆናት ደግፈዋቸው ቅኔ ማኅሌት ገቡና ወንበር ተሰጣቸው። ያን ዕለት እንዲመራ የታዘዘው ሰራዬው ነበር። እኔ ከበሩ አጠገብ ከሕዝቡ ጋር ቆሜያለሁ። ከትምህርቱ የሸሸሁ ነኝ፤ ስሕተቱንና ልኩን አልለይም። ያ ረጅም ሰው መቋሚያውን ይዞ ሲነሳ፣ ሌሎቹ ካህናት ሲከተሉት፣ ከበሮው ሲገባ ግን የአባቴን ጣቶች አየሁ። ጉልበታቸው ላይ ልኩን እየመቱ ነበር። ጣቶቻቸው አንዴም አላቋረጡም።

ከቅዳሴ በኋላ አስጠሩት። «አሁን ክረምቱ አለቀ» አሉት። ከዚያ በካህናቱ ሁሉ ፊት መሪጌታ ብለው ጠሩት። እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ከመስቀል በኋላ ልሂድ አለ። በሩ አሁንም ዝግ ነው። ብዙ ሰው መከረው፤ እናቴ ለመነችው። አባቴ ግን «ሚስቱ ትጠብቀዋለች» ብለው መረቁት። እኔ እስከ መረብ ላደርሰው ተነሳሁ።

ኬላ ላይ ያለው ፖሊስ ወዴት ነው ሲለው «ወደ ቤቴ» አለ። «ቤትዎ የት ነው?» «ከመረብ ማዶ።» ፖሊሱ ጓደኛውን ጠርቶ «ይኼውልህ ተገልብጦ የሚሄድ አገኘሁ» አለው። ከዚያ ቆቡን አውርዶ መስቀል ተሳለመ።

ከድንበሩ ቅርብ ያለችው ራማ ደርሰን ወደ መረብ ድልድይ ወረድን። የእኛ ወገን ወታደሮች «እኛ አንከለክልዎትም፤ እነሱ ግን አያስገቡዎትም» አሉት። በአካባቢው ያለች ሻይ ሻጭ ሰዎች ከድልድዩ ራቅ ብለው በወንዙ እንደሚሻገሩ ነገረችን። ወንዙ ጎድሏል፤ መንገዱን የሚያሳይም አይጠፋም።

«አይሆንም። በበር ነው የወጣሁት፤ በበር እገባለሁ። ሰርቄ የወሰድኩት ነገር የለም» አለ።

ጥምጥሙን አስተካክሎ፣ መቋሚያውን ይዞ በቀን ብርሃን ድልድዩ ላይ ሄደ። ከማዶ ያሉት ጮኹበት፤ ተመለሰ። ራማ አደርን። በማግስቱም ሄደ። መለሱት። አሁን ግን ወደ እኛ አልመጣም፤ ድልድዩ አፍ ላይ ድንጋይ ፈልጎ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ውኃ ላድርስለት ብል ወታደሩ ከለከለኝ። ከሰዓት በኋላ ከማዶ አንድ ሽበት የጀመረው መኮንን መጣ። ቆመው ረጅም ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። መኮንኑ በእጁ ወደ ራሱ ወገን አመለከተ። ሰራዬው ተነሳ፤ ወደ እኛ ዞሮ ተማሪ መምህሩን በሚሰናበትበት አሰጋገድ ጎንበስ አለ። ለአባቴ እንደሆነ ገባኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ።

እስር ቤት ይከቱት ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ገና ሊቃረብ ሲል ሚስቱ ደወለች። «ገባ» አለችን። ለጥቂት ጊዜ አቆይተው ሲጠይቁት ከርመው ለቀውታል። «ከስቷል። ድምፁ ግን አለ።» አባቴ ስልኩን ተቀብለው አመሰገኗት። እሷም ትግርኛዋን ትታ በአማርኛ «እኛ ነን፣ የኔታ፣ እኛ ነን የምናመሰግን» ስትል ሰማናት።

ዓመት ገደማ ቆይቶ በሰሜን የራሳችን ጦርነት ተነሳ። መንገዴ ተዘጋ፤ የሰራዬውም ወሬ ጠፋብን። ከማይ ፀብሪ አጠገብ የነበሩት ስደተኞች ጣቢያው አላስቀምጥ ብሏቸው ሽቅብ ወደ አዲ አርቃይ ወጡ፤ ውለው አድረው ዳባት አጠገብ አዲስ ጣቢያ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹን ራሴ ጭኛለሁ። «መምህር እንዴት ናቸው?» ይሉኝ ነበር፤ የምመልሰው አልነበረኝም። አባቴም በዚያ ዘመን፣ በእርጅና፣ በአልጋቸው ላይ አረፉ።

ከጊዜ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ሰው ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሹፌሩ!» አለኝ ድምፁ።

«አያ ሰራዬ!»

«የኔታስ?»

ነገርኩት። ቀስ ብሎ ጸሎት ሲያደርስ ሰማሁት። ሲጨርስ ስለ ትምህርቱ ጠየቅሁት። ሁለት ልጆችና አንድ ሽማግሌ እያስተማረ ነው፤ ባለፈው ክረምት ፍልሰታን በሙሉ ሥርዓት ቆመዋል። «የመንደሩ እናቶች ምን እንደመጣ አላወቁም፤ እልልታቸው ግን ልክ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጄ፣ ትልቋ፣ ዳባት ናት።»

«እንዴት መጣች?»

«እንደ ሁሉም ነዋ። በእግሯ። ሳትነግረኝ ነው የወጣችው፤ ብትነግረኝ ደግሞ አላስቀራትም ነበር። እኔ የተመለስኩት የምመለስለት ሥራ ስለነበረኝ ነው። እሷ ገና ሥራዋን እየፈለገች ነው። ደጋው ይበርዳታል። ለእናትህ ንገርልኝ።»

ለእናቴ ስነግራት ቁጭ ብላ አልሰማችኝም። ጋቢ አወጣች፤ ብርድ ልብስ አወጣች፤ «መኪናህን አስነሳ» አለችኝ። ወገቧ እያመማት ዳባት ድረስ አብራኝ ሄደች። ልጅቷ እንደ አባቷ አንገተ ቀጭን ናት። እናቴ ገና ከሩቅ ስታያት «ይቺ ናት! ማንንም አትጠይቅ!» አለች።

አሁን ለመውጣት ፈቃድ ስታገኝ እኛ ቤት እየመጣች ትሰነብታለች። ፀጉር ትሠራለች፤ የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ደንበኛ አድርጋለች። ነገ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፤ እኛም አንጠይቃትም። ባለፈው አንዲት ጎረቤት እናቴን «ይቺ ልጅ ምንሽ ናት?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ፀጉሯን በልጅቷ እያስጎነጎነች ስለነበር ራሷን ማንቀሳቀስ አልቻለችም።

«የልጄ ልጅ ናት» አለች። «አሁን ዝም በይ፣ ታበላሽብኛለች።»